ከሐኪም ስትመለስ እህቷ አላወቀቻትም

ዳማና ፈንዲሻ ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ እህትማማች ድመቶች ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ በእማዬ አሮጌ ጋቢ ላይ ተቃቅፈው ነው ያደሩት። አንዷ የሌላዋን ጆሮ ሳትልስ እንቅልፍ አይወስዳትም። ባለፈው ጥቅምት ዳማን ከእንስሳት ክሊኒክ በባጃጅ አምጥቼ ካርቶኑን ሳሎን ውስጥ ስከፍተው ግን ፈንዲሻ ጀርባዋን ወጠረች፣ ጭራዋን አሳበጠች፣ ጥርሷን አሳይታ ፍስስ አለችባት። የቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ።

ዳማን የወሰድኳት እንዳትወልድ በኦፕራሲዮን ለማስመከን ነበር። ድመት የምታረግዘው ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው፤ ግልገሎቿን እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ለእያንዳንዱ ግልገል ደህና ቤት ስፈልግ እዚህ ሐዋሳ ከታቦር እስከ ሐይቅ ዳር ያላንኳኳሁት የዘመድ በር የለም። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ለማሠራት ገንዘቤ ስላልበቃ ፈንዲሻ ለጥር ቆየች። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ስለ ስፌቱና ስለ መድኃኒቱ በደንብ ተነገረኝ። ቤት ስለምትጠብቃት እህቷ ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ ማንም አላነሳልኝም።

ያን ማታ ያጠፋሁት በችኮላ ነው። የተጣሉ ልጆችን እንደማስታርቅ፣ ፈንዲሻን አንስቼ «እህትሽ እኮ ናት» እያልኩ ወደ ዳማ አስጠጋኋት። ዳማ ገና ማደንዘዣው አልለቀቃትም፤ አንገቷ ይወዛወዛል፣ ሆዷ ያማታል። ፈንዲሻ ከእጄ ለማምለጥ ስትፈራገጥ ቧጠጠችኝ፣ አውራ ጣቴ ሥርም ነከሰችኝ። ዳማ ሶፋ ሥር ገብታ እስከ እኩለ ሌሊት አልወጣችም። ፈንዲሻ ደግሞ ንዴቷ ስላልበረደላት በአጠገቧ ያለፈውን የእህቴን ልጅ እግር ይዛ አስጮኸችው። ልጁ ምንም አላደረጋትም። የተቆጣ ድመት ቁጣውን ያነሳሳው ነገር ላይ መድረስ ካልቻለ ቅርቡ ባገኘው ላይ ይወጣዋል። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ስለ ንክሻው አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙዎቻችን እንንቀዋለንና። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቀዳዳው ትንሽ መስሎ ጀርሙን ወደ ውስጥ ያስገባል። የእብድ ውሻ በሽታም ከውሻ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ድመትም ታስተላልፋለች። ሁለቱም ድመቶች የተከተቡ ቢሆኑም እጄን በሚወርድ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጠብኩ፤ የልጁንም እግር እንዲሁ። ጠዋት ይዤው ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

በማግስቱ ምክር ጎረፈ። አንዲት ጎረቤታችን «ተያቸው ልጄ፣ ተደባድበው ይውጣላቸው» አሉኝ። ሌላዋ ዳማ እያመማት እንደሆነ አይተው ግማሽ ፓራሲታሞል እንድሰጣት መከሩኝ። ይህን የሚያነብ ሁሉ ይህችን ይያዝልኝ፦ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፤ ትንሽ መጠን እንኳ ትገድላለች። ሕመሟን ማስታገስ የሚቻለው ሐኪሟ ባዘዘላት ብቻ ነው።

እማዬ ደግሞ መጀመሪያ «ዓይን ነው» አለች፤ ቀጥላም «ሁለቱንም ቅቤ ቀቢያቸውና አንድ ዓይነት ይሽተቱ» አለችኝ። ቅቤውን አልቀባሁም፤ ዳማ ቅቤውን ልልስ ስትል ስፌቷን ትበጥሰዋለች። ስለ ሽታ ያለችው ነገር ግን ከሁላችንም ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር።

ለክሊኒኩ ደውዬ የሆነውን ስነግረው ሐኪሙ ምንም አልገረመውም። «እህቴ፣ ዓይኗ አውቋታል፤ አፍንጫዋ ነው ያላወቃት» አለኝ። ድመቶች በጉንጫቸው፣ በአገጫቸው፣ በግንባራቸውና በጭራቸው ሥር ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏቸው። በበር መቃን፣ በወንበር እግር፣ በእኛም ቅልጥም የሚታሹት ለዚህ ነው። አብረው የሚኖሩ ሲሆን እርስ በርስ እየተሻሹና እየተላላሱ ሽታቸውን አዋህደው የሁሉም የሆነ አንድ የቤት ሽታ ይፈጥራሉ። ያ ሽታ ያለው ቤተሰብ ነው፣ የሌለው ባዳ። ዳማ የወጣችው በቤት ሽታ ነበር፤ የተመለሰችው በአልኮል፣ በአዮዲን፣ በማያውቋቸው ውሾችና በራሷ ፍርሃት ሽታ ተሸፍና ነው። አካሄዷም በማደንዘዣው ተለውጧል። ለፈንዲሻ የእህቷን መልክ የያዘ እንግዳ ነው የገባባት።

ይህን ስሰማ በፈንዲሻ ላይ የነበረኝ ቅያሜ ጠፋ። «ክፉ ሆነች» ስላት ነበር፤ እሷ ግን ፈርታ ነው።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት መለየት ነው። ዳማ ከእኔ ጋር መኝታ ቤት፣ ፈንዲሻ ሳሎን። ለየብቻቸው ምግብ፣ ለየብቻቸው ውኃ፣ ለየብቻቸው አሸዋ የሞላ ሳፋ። ሁለት ቀን እንኳን መተያየት፣ በሩ ሥር ባለው ክፍተት መሸታተት እንዳይችሉ ክፍተቱን በፎጣ ደፈንኩት። ዳማ በእነዚህ ቀናት ራሷን ላሰች፣ ተኛች፣ ጋቢው ላይ ተንከባለለች፤ የክሊኒኩ ሽታ እየለቀቀ ሄደ። እንድትታጠብ የመከረኝ ሰው ነበር፤ ስፌት ያለበት ገላ ግን ውኃ አይነካውም።

በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ ነጠላ ለሁለት ቀደድኩ። በአንዱ ቁራጭ የዳማን ጉንጭና አገጭ ቀስ ብዬ አሸሁ፣ በሌላው የፈንዲሻን፤ ከዚያም አለዋወጥኳቸው። ፈንዲሻ ጨርቁን ስታሸት ፍስስ ብላ ሸሸችው። አላስገደድኳትም። ጨርቁን ከምግብ ሳህኗ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩትና በየምግቡ ሰዓት ጥቂት ጥቂት አቀረብኩት። በአምስተኛው ቀን እላዩ ላይ ቆማ በላች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል የለኝም።

ምግቡ ራሱ ጉዳይ ነበረው። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየገዛሁ ቀቅዬ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት እሰጣቸው ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል፤ ከወጥ ላይ ዓሣ አውጥቶ መስጠት አይሆንም። ዓሣውን የሚያገኙት በተዘጋው በር በዚህና በዚያ ወገን ሲሆኑ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳህኖቹ ከበሩ ሁለት ሁለት ሜትር ይርቁ ነበር፤ ሁለቱም ተረጋግተው ከበሉ በቀጣዩ ቀን አንድ ስንዝር አስጠጋለሁ፤ አንዷ ጆሮዋን ካጠፈች ወይም መብላቷን ትታ በሩን ካፈጠጠችበት ወደ ኋላ እመልሳለሁ። የሌላዋ ሽታ ሲመጣ ደግ ነገር አብሮ እንደሚመጣ እንዲለምዱ ነው። በቀን አንድ ጊዜም ክፍል አቀያይራቸው ነበር፤ አንዷ ሌላዋ የተኛችበት ላይ ትተኛለች።

እንዲተያዩ ለማድረግ የረዳኝ የወባ አጎበር ነው። ለሐዋሳ ቤት አሮጌ አጎበር አይጠፋውም። አራት እጥፍ አድርጌ በበሩ መቃን ላይ ወጠርኩትና በስድስተኛው ቀን በሩን ከፈትኩ። ፈንዲሻ አፍጥጣ አየቻት። ዳማ ዓይኗን በቀስታ ከደነች፣ ገለጠች። በድመት ዘንድ ይህ «ጠብ የለኝም» ማለት ነው። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ በክር የታሰረ ላባ እየጎተትኩ አጫወትኳቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋሁት። ደህና እየሆነ ሳለ ማቆም ይሻላል፤ እስኪበላሽ ሲጠበቅ የሚያስታውሱት የመጨረሻውን ፍጥጫ ነው።

እማዬ ነጠላ ጫማዋን አንስታ ፈንዲሻን ያስፈራራቻት አንድ ቀን ነበር። ያን ምሽት ዓሣውንም አልነካችም፣ አጎበሩንም እስኪነጋ አልቀረበችም። እማዬም አይታ አዘነች፤ ከዚያ በኋላ ዓሣውን የምትለቅመው እሷ ሆነች።

በዘጠነኛው ቀን አጎበሩን አነሳሁ። አንድ ጊዜ ፍስስታ፣ አንድ ጥፊ፤ ጥፍር ግን አልወጣም። ዝም አልኩ። ማታ አንዷ በጋቢው ጫፍ፣ አንዷ በሌላው ጫፍ ተኙ። ሦስት የአሸዋ ሳፋ ለሁለት ድመት ያኔ ያደረግሁት ነው፤ እስካሁንም አላነሳሁትም። ሳህኖቹንም አንዷ ሌላዋን መውጫ ልታሳጣባት ከምትችልበት ጥግ አወጣኋቸው።

ስፌቱን ለማስወጣት ዳማን እንደገና ክሊኒክ የምወስድበት ቀን ሲቃረብ የድካሜ ሁሉ መና መቅረት አስፈራኝ። ስለዚህ ካርቶኑን ከሦስት ቀን በፊት ሳሎን ውስጥ ክፍት አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ሁለቱም እየገቡ ተኙበት። ወደ ክሊኒኩ ስሄድም ሁለቱንም ይዤ፣ እያንዳንዷን በየካርቶኗ፣ ከሥር የጋቢውን ቁራጭ አንጥፌ ሄድኩ። አንድ ቦታ ውለው አንድ ሽታ ይዘው ተመለሱ፤ ምንም አልተጣሉም።

ጥር ላይ የፈንዲሻ ተራ ደረሰ። ዳማን ሐኪም ቤት ማዋል ስላልተቻለ ፈንዲሻን ብቻዋን ወሰድኩ። ስንመለስ ካርቶኑን ሳሎን አልከፈትኩትም፤ በጓሮ በር አስገብቼ ቀጥታ መኝታ ቤት። ያን ሌሊት በጋቢው ላይ ተኛች፣ ጠዋት በነጠላው ጉንጯን አሸሁና ጨርቁን ለዳማ ሰጠኋት። ዳማ አሸተተችው፣ አገጯን ፈተገችበት። በሁለተኛው ቀን ማታ በሩን ከፈትኩ።

ዳማ ቀስ ብላ ገባች። ከግንባሯ ጀምራ እስከ ጭራዋ አሸተተቻት፤ የተላጨው ሆዷ ጋ ስትደርስ ቆመች። እማዬ ከኋላዬ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ከዚያ ዳማ ዞራ መጣችና የፈንዲሻን ጆሮ መላስ ጀመረች።