ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ እጅ

ከጨረታ ጣሪያ በታች ያለ ግዢ ሁሉ በሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ሱቆች በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ፣ በሚፈጸምበት ድርጅት ውስጥ የአንድ በጀት ዓመት የጽሕፈት መሣሪያና የቶነር (የማተሚያ ቀለም) ግዢ መርምሬያለሁ። የሠራሁበትን መንገድ ከነስህተቱ ላስቀምጠው።

ስህተቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ የጎደለ ወረቀት በመፈለግ ሁለት ሳምንት አባከንኩ። የጎደለ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የዝርክርክነት ምልክት ነው፤ ፊርማ የሚረሳ ሰው በጥድፊያ የሚሠራ ሰው ነው። አስቦበት የሚያጭበረብር ግን ፋይሉን አያጎድልም። የግዢ መጠየቂያው፣ ሦስቱ ፕሮፎርማ፣ የዋጋ ማወዳደሪያው፣ ደረሰኙ፣ የዕቃ ገቢ ማረጋገጫው ሞዴል 19 ሁሉም በየተራው ተሰክቶ ይገኛል። ስለዚህ ፍለጋውን ገልብጬ በጣም የጸዱትን ፋይሎች ቀድሜ አወጣሁ።

ሥራው የተነሣው በጥቆማ ነበር። እንዲህ ሲሆን የተጠቆመውን ግዢ ብቻ ነጥሎ ማስወጣት ጠቋሚውን በስሙ እንደ መጥራት ነው፤ ግዢውን የሚያውቁት ሦስት አራት ሰዎች ስለሆኑ ማን እንደተናገረ በማግስቱ ይታወቃል። ከዓመቱ ፋይሎች 60ውን በአንድ ደብዳቤ ጠየቅሁ፤ የተጠቆመው መሀል ገብቶ ጠፋ። ደብዳቤው ላይ «ዓመታዊ ናሙና» የሚለው ቃል ሐሰት እንዳይሆን ግን 60ዎቹንም የምር ማየት ግድ ነው።

ከዚያ ፕሮፎርማዎቹ። ሦስቱን ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አስገብቼ የተሸናፊውን ዋጋ ለአሸናፊው ዋጋ በየመስመሩ አካፈልኩ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እውነተኛ ሱቅ ወረቀት ላይ ቢረክስ ቶነር ላይ ይወደዳል፤ ውጤቱ የተዘበራረቀ ይሆናል። ለምሳሌ አሸናፊው አንዱን ደስጣ ወረቀት በ650፣ ቶነሩን በ4,200፣ ስቴፕለሩን በ1,150 ብር አቅርቦ፣ ሁለተኛው 695.50፣ 4,494 እና 1,230.50 ብር ካለ፣ የሚካፈለው ሁሉ 1.07 ይወጣል። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ይዞ በየመስመሩ 7 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ስቴፕለር ላይ ሃምሳ ሳንቲም ቆጥሮ የሚሸጥ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ቀጥሎ የፕሮፎርማውን ተራ ቁጥር አየሁ። የአንዱ ተሸናፊ ቁጥር ጥቅምት ላይ 0041፣ ታኅሣሥ ላይ 0042፣ የካቲት ላይ 0043 ከሆነ፣ ያ ሱቅ በነዚያ ወራት ከእኛ በቀር ለማንም ዋጋ አልሰጠም፤ ወይም ጥራዙ የተቀመጠው ሱቁ ውስጥ ሳይሆን የሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህን የሚያጭበረብሩት ሰዎች ራሳቸው አያስቡትም፤ ምክንያቱም ፋይሎቹን አንድ በአንድ እንጂ የዓመቱን ባንድ ላይ አያዩዋቸውም።

ተመሳሳይ የፊደል አጣጣል፣ ተመሳሳይ የፊደል ግድፈት፣ ተመሳሳይ የዕቃ ቅደም ተከተል ሁሉም ሰው የሚጠቅሳቸው ምልክቶች ናቸው። እኔ ብዙ አልደገፍባቸውም። ብዙ ትንንሽ ሱቆች ፕሮፎርማ የሚያስጽፉት አንድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሱቅ ይከፍታሉ። ደግሞም ሰነፍ ገዢ አለ። አንድ ሱቅ ገብቶ «ሁለት ማሟያ ጨምርልኝ» ይላል፤ ባለሱቁ ከጎረቤት ያመጣለታል። ይህ የሙያ ግዴታን መጣስ ነው፤ ሠራተኛው ጉቦ በልቷል ማለት ግን አይደለም። ሁለቱን ያደባለቀ ሪፖርት ወይ ንጹሕ ሰው ያባርራል ወይ ሌባውን በማስጠንቀቂያ ይሸኛል። አንዱ ከሌላው የማይመነጭ ሦስት ምልክቶች ካላገኘሁ «ተቀነባብሯል» ብዬ አልጽፍም።

ዋጋውን ከገበያ ጋር ሳስተያይ ሌላ ወጥመድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የቱን ያህል እንደተለወጠ ሁላችንም እናውቃለን። ከለውጡ በፊት የተገዛውን ከለውጡ በኋላ ባለው ዋጋ መለካት ሌባውን ያድነዋል፤ በኋላ የተገዛውን በፊት በነበረው ዋጋ መለካት ደግሞ ንጹሑን ይከስሰዋል። የተጠቀምኩት ሌሎች መምሪያዎች በዚያው ሳምንት ከሌላ ሱቅ የገዙበትን ደረሰኝ ነው።

ዕቃው በእርግጥ ገብቶ ከሆነ ሞዴል 19 ብቻውን አይናገርም፤ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ያልገባ ዕቃ ላይ ፈርሞ ሊሆን ይችላል። ቶነር ግን ምስክር አለው፤ የማተሚያው ቆጣሪ። የኤችፒ 85ኤ ቶነር አምራቹ የሰጠው ልክ 1,600 ገጽ ነው፤ ይህም ገጹ 5 በመቶ ብቻ ቀለም ሲይዝ ነው። ሎጎና ሠንጠረዥ የበዛበት ቢሮ ያን ያህል አያገኝም። ስለዚህ አንድ አዲስ ቶነር አስገብቼ እስኪያልቅ ቆጠርኩ። 1,200 ገጽ ቢሰጥ፣ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) ወጪ የተደረገው 40 ቶነር 48,000 ገጽ ማተም ነበረበት። ቆጣሪው በዓመቱ የጨመረው 38,000 ከሆነ የስምንት ቶነር ያህል ልዩነት አለ። ከዚህ ላይ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ማተሚያው ቦርዱ ተቀይሮ ቆጣሪው ዜሮ ሆኖ እንደሆነ፣ በአዲስ ዋጋ የተገዛው ቶነር በድጋሚ የተሞላ እንደሆነ። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ማጭበርበር ነው።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኞቹን በመጀመሪያው ቀን ኮፒ አድርጉ። ያ ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ይበላዋል፤ ምርመራው ሲያልቅ ነጭ ወረቀት ነው የሚቀራችሁ።

ቃል መቀበል የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ የሚጠረጠረውም ሰው የመጨረሻው ተጠያቂ ነው። ግምጃ ቤት፣ ሒሳብ፣ ጠያቂው ክፍል ይቀድማሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሆነን እንገባለን፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል፤ ሰውየው አንብቦ በየገጹ ይፈርማል። «ለምን እንዲህ አደረጉ?» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋል። «ይህን ፕሮፎርማ ከማን እጅ ተቀበሉት? በፖስታ ታሽጎ ነበር? የትኛው ቀን?» የሚሉት ይሻላሉ፤ ሦስት ሱቅ ዞሮ ያመጣ ሰው የዞረበትን መንገድ ያስታውሳል። «በምስጢር ይያዛል» ብሎ ያለ ገደብ ቃል መግባትም ስህተት ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ቃሉን መጠበቅ አይቻልም።

ብዙ ድርጅት የሚወድቀው ቀን ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን የሚጠቀመው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ሪፖርት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁለት ወር «እናጥናው» ማለት፣ ጥፋቱ ተረጋግጦም ክርክሩን ሊያሸንፍ የሚችለው ሠራተኛው እንዲሆን ማድረግ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬን በቁርጥራጭ ማስታወሻ አልልክም፤ የመጨረሻውን ሪፖርት ቀን ጽፌ፣ አስፈርሜ አስረክባለሁ። የሚረከበውም ግዢዎቹን ያጸደቀው ኃላፊ መሆን የለበትም።

ከምርመራው በኋላ ሁለት ነገር ተቀየረ። የጥቅም ግጭት ቅጹ «ዘመድ አለዎት?» ብቻ ይል ነበር፤ ሰው ደግሞ «የለኝም» ብሎ በንጹሕ ልብ ይፈርማል፤ አበ ልጁና የዕቁብ ሰብሳቢው ዘመድ አይባሉማ። አሁን እነዚህንም በስም ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ነጋዴው ፕሮፎርማውን አሽጎ በቀጥታ መዝገብ ቤት ባለው ሳጥን ያስገባል፤ ገዢው ሳጥኑ ሲከፈት ነው የሚያየው። ገዢዎቹ ሥራ ያጓትታል ብለው ያማርራሉ። እውነታቸውን ነው፤ በግዢ ላይ ሦስት ቀን ያህል ይጨምራል፤ የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ግን ሦስት ቀን መጠበቅ ይችላል።