ከመሰላሉ አልወደቅሁም

ይህን ታሪክ ጅማ ውስጥ ቀድሞ ያወራው ረዳቴ ነው። አሁን የራሱን ሱቅ ከፍቷል። ደንበኛ በገባ ቁጥር "አለቃዬ ሸረሪት አይቶ ከመሰላል የወደቀ ጊዜ" ብሎ ይጀምራል አሉ። አልወደቅሁም። ወረድኩ። ፈጠን ብዬ ነው የወረድኩት፤ እሱን አልክድም።

ሥራዬ ዲሽ ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ የእኛን እንጀራ ያውቃል። ለቡናው ጥሩ ነው፤ ለእኛም አይከፋም። ገመድ ይበሰብሳል፣ ቡሎን ይዝጋል፣ ስልካችን ይጮኻል።

ጥቅምት ላይ ቲቸር ደወሉ። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው፤ ያላስተማሩትም ጭምር። ቤታቸው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት በኩል ነው።

"ቴሌቪዥኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይቆራረጣል። 3 ሰዓት ላይ ይስተካከላል። ልብ በል፣ ጠዋት ብቻ ነው" አሉኝ።

ልብ አላልኩም።

የቲቸር ዲሽ ጣሪያ ላይ አይደለም። "ቆርቆሮዬን አትበሱብኝ" ስላሉ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ላይ ነው የቆመው። በአንድ በኩል አቮካዶ፣ በሌላው በኩል ቡና፣ ከኋላው እንሰት። ስደርስ ከአቮካዶው ቅርንጫፍ ተነስቶ፣ የዲሹን ክንድ ይዞ፣ ቡናው ላይ የታሰረ ድር አየሁ። የበር መጋረጃ ያህላል። ፀሐይ ስታርፍበት ወርቅ ይመስላል። እንዲያው ለማሳመር አይደለም፤ ክሩ ራሱ ቢጫ ነው። መሐሉ ላይ እሷ ተቀምጣለች። እግሯን ስትዘረጋ እጄን ታክላለች።

የዲሽ ሠራተኛ ሸረሪት ይፈራል ቢባል ማን ያምናል? ትንንሾቹን በየቀኑ ከዲሽ ጀርባ እጠርጋለሁ። ይቺ ግን የሚጠረግ ነገር አይደለችም። ሰላም ልትባል የሚገባት ነች።

ችግሩ ደግሞ ኤልኤንቢው፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ፣ ያለው ከእሷ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ገመዱን ከእሱ ጋር የሚያገናኘውን ኮኔክተር ለመፍታት እጄን በሆዷ ሥር ማሳለፍ አለብኝ። ሲግናል መለኪያዬን፣ ፋይንደሬን፣ ከቦርሳዬ ሳላወጣ ፈረድኩ።

"ድሩ ነው፣ ቲቸር።"

"ምኑ?"

"ጠዋት ጠዋት ጤዛ ይይዛል። ውኃው ኤልኤንቢው ፊት ይጋረዳል። ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። 3 ሰዓት ላይ የሚስተካከለው ለዚያ ነው።"

እስካሁን ሳስበው ሞኝ መልስ አልነበረም። ሰዓቱ ልክክ ይላል። ቲቸርም ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። አሥረኛ ክፍል እያለሁ የቤት ሥራ ሳልሠራ የታየሁት አስተያየት ነው።

"ኮኔክተሩን አይተኸዋል?"

"አያስፈልግም።"

"መጀመሪያ ኮኔክተሩን እይ። ድሩን አትንካ። ነገ ጠዋት ከተቆራረጠ ያን ጊዜ ድሩን እናነሳለን። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጥክ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃለህ?"

"ቲቸር፣ እኔ በዚህ ሥራ 11 ዓመቴ ነው።"

"እሺ። ፈርተህ ነው?"

"ኧረ እኔ!"

ረዳቴ እንሰቱን ማየት ጀመረ። እንሰት ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ነገሩን ለመሸፈን አንገቴን አሳየኋቸው። ባለፈው ክረምት ተቃጥሎ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ጠባሳው አሁንም አለ። "ሸረሪት ሸንታብኝ ነው" አልኩ። ይህን ማለቴ ስህተት ነበር። ግማሽ ሰዓት ክፍል ገባሁ።

ሸረሪት ሽንት ረጭታ ሰው አታቆስልም አሉ ቲቸር። ያቆሰለኝ ቀጭን፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ቀለም ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ሳትሆን አትቀርም። ማታ መብራት ወዳለበት ትመጣለች። አትነክስም፣ አትናደፍም። አንገትህ ላይ ስታርፍ በጥፊ ስትጨፈልቃት ነው የሰውነቷ ፈሳሽ የሚያቃጥልህ። እፍ ብለህ ብታባርራት፣ ቦታውንም በሳሙና ብትታጠብ ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር። አልማዝ ባለጭራንም በሸረሪት የሚያሳብብ አለ፤ እሱ ግን የጉድፍ ቫይረስ ነው፣ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ የሚነሳ። "ሸረሪት በዚህ አገር ያልሠራችው ወንጀል የለም" አሉ።

"ይቺ ብትነክስስ?"

"መጀመሪያ እሷ ለምን ትነክስሃለች? ዓይኗ ደካማ ነው። ዓለምን የምታውቀው በክሯ ንዝረት ነው። ብትነክስህም ትንሽ ያምሃል እንጂ አትገድልህም። ትንኙንና ዝንቡን የምትበላልኝ እሷ ናት።" ከዚያ ድሩ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር አሳዩኝ። "ያ ባሏ ነው።"

ስለ ባልየው ያልተናገርኩት ብዙ ነገር አለኝ። አዘንኩለት።

ማዳጋስካር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዚህች ዘመዶች ክር ተፈትሎ ጨርቅ እንደተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ሙዚየም እንደታየም ነገሩኝ። አራት ዓመት ፈጅቷል። ደስ ይላል። እኔ ግን በሰዓት አይደለም የሚከፈለኝ።

"ድሩ ይነሳ" አልኩ።

ቲቸር ተነፈሱ። "አትገድላትም" አሉ። በአጥሩ ላይ ሲሰሙ የቆዩት ጎረቤታቸው ሀጂም ጣልቃ ገቡ። "ሸረሪት አይገደልም፣ ልጄ። ነቢዩ ዋሻ ውስጥ ሳሉ በሩን በድሯ የሸፈነች እሷ ናት" አሉ። አንድ የተሰበረ ኮኔክተር እንኳ ሳልፈታ ሳይንስም ሃይማኖትም ተነሳብኝ።

ቲቸር ራሳቸው ቀርከሃ አምጥተው ሸረሪቷን ጫፉ ላይ አስወጧትና ጥግ ወዳለው ቡና ይዘዋት ሄዱ። እኔ በመጥረጊያ ድሩን ጠረግኩ። ድሩ በቀላሉ አይበጠስም፤ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። 400 ብር ተቀበልኩ። ጅማ ውስጥ ድር ለመጥረግ 400 ብር የተቀበለ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ስወጣ ደግሞ አንድ ነገር ተናገርኩ። ባልናገረው ምን ነበረበት። ኤልኤንቢው ላይ የተጠቀለለውን ፌስታል ከታች አይቼ "ይህን የሠራው ሰው ግን እጁን ማየት ነበር" አልኩ። የሙያችን ልማድ ነው፤ ማንም ዲሽ ሠራተኛ ከእሱ በፊት የነበረውን ሳይሰድብ መሰላል አይወጣም። ቲቸር ምንም አላሉም። ዝምታቸውን ያን ጊዜ ልብ ልለው ይገባ ነበር።

በማግስቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ደህና አደርክ? ተቆራረጠ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሄድን። ጉም ነበር፤ የጅማን የጥቅምት ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሥር እርምጃ ላይ ያለ ሰው አይታይም። መሰላሉን ተሸክሜ ወደ ዲሹ አቀናሁ። አስተካክዬ ሁለት ደረጃ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ፊቴን የሆነ ነገር ሸፈነኝ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ የሚጣበቅ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንበሳ ባልሆንም ታሰርኩ። ዓይኔን ስገልጥ ያቺው ሴትዮ ከአፍንጫዬ አንድ ጣት ርቀት ላይ ድሯን እየነቀነቀች ነው። ተመልሳ መጥታለች። እዚያው ቦታ።

ወረድኩ።

ረዳቴ "ወደቀ" የሚለው ይህችን ነው። እግሬ ግን መጀመሪያ ነው መሬት የነካው። እጄ ቀጥሎ። ከዚያ ትንሽ ጽጌረዳ።

"ልውጣ እንዴ አለቃ?" አለ ልጁ። አልከለከልኩትም። መሰላሉን በሌላ በኩል አዙሮ ከሸረሪቷ ጀርባ ወጣ። ያ አማራጭ ሁልጊዜም ነበረ፤ እኔ ፊት ለፊት የተጋፈጥኩት ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቀስ ብሎ እጁን በሥሯ አሳለፈ። እግሯን እንኳ አላነሳችም። ናስትሮውን ፈታ፣ ፌስታሉን ገለጠ። ውኃ ፈሰሰ። በፌስታሉ ውስጥ የግማሽ ሲኒ ያህል ዝናብ ተጠራቅሞ ነበር።

"አለቃ፣ ኮኔክተሩ አረንጓዴ ሆኗል።"

ፌስታል ዝናብ ይከላከላል ብሎ የሚያስር ሰው አለ። አይከላከልም፤ የገባውን ውኃ አላስወጣም ብሎ ይይዛል። ማታ ሲቀዘቅዝ ኮኔክተሩ ይርሳል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቀው ትንሽ ይደርቃል። ሰዓቱ ለዚህም ልክክ ይላል። በጎማ ወይም በሲሊኮን ነው የሚሸፈነው፣ ገመዱም ከኮኔክተሩ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ መታጠፍ አለበት፣ ውኃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። ይህን ለልጁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ናስትሮውን ይዞ ዝም አለ። ቢጫ ናስትሮ ነው። በሰፈራችን ቢጫ ናስትሮ የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው፤ ሂርማታ ገበያ ስለሚረክስ በካርቶን ነው የምገዛው።

ቲቸር ደብተር ይዘው ወጡ። የተሠመረ፣ ቀን የተጻፈበት ደብተር። ገጹን በአውራ ጣታቸው ይዘው አነበቡልኝ፦ "ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ ከምዕራብ 7 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ 57 ዲግሪ አዞረ። ኮኔክተሩን በፌስታል ሸፈነ። 250 ብር።" ቀጥሎ ስሜ።

"ከትናንት ወዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መጀመሪያ ኮኔክተሩን እይ ብዬህ የለ? መልሱን ለተማሪ ቀድሜ አልነግርም።"

አዲስ ኮኔክተር ገጠምን። የሲግናሉ ጥራት ከ30 ወደ 78 ወጣ። ድሩ እንዳለ ነው፤ ጤዛውም እንዳለ ነው። ቲቸር በነጋታው፣ በሳልስቱም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እየደወሉ "አልተቆራረጠም" አሉኝ። በአራተኛው ቀን ማንሳት ተውኩ።

ያን ቀን ብር አልተቀበልኩም። ለልጁ ግን ቡና አፍልተው በርጩማ ላይ አስቀምጠው አጫወቱት። ስለ ሸረሪቷ ጠየቃቸው፤ እኔን ግማሽ ሰዓት ያስቆሙኝን ለእሱ በአምስት ደቂቃ ነገሩት። ሲጨርሱ ደብተሩን አይተው "አንተ 9 ከ10" አሉት። "አንዷ ጽጌረዳዬን ስለረገጥክ ነው።" ጽጌረዳውን የረገጠው እሱ አልነበረም። ዝም አለ። ለዚያች ዝምታ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ ለሌላው ወሬው ግን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ድር ሳይ መጀመሪያ ኮኔክተር አያለሁ። ልጁ አብሮኝ ሳለ እሱ ነበር የሚያየው፣ እኔ መሰላል እይዛለሁ። አሁን ብቻዬን ነኝ፤ ትልልቆቹ ካሉ ለደንበኛው ነገ እመጣለሁ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቲቸር ደወሉ። ደስ አለኝ። "ያ ልጅ ስልክ ቀይሯል መሰለኝ፣ አዲሱን ቁጥር ስጠኝ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። የመጨረሻዋ ቁጥር 7 ትሁን 1 ግን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።