የሽምብራው ካርታ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ታብሌቴን ይዤ ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጌ ጣና ዳር ወረድኩ። ካርታው ላይ የደምቢያ ዳርቻ ቀልቷል። ቀዩ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ ነው። «ደመቅ ይበል እንጂ!» ብሎ ቀለሙን ያስቀየረኝ አለቃዬ ነው። ሪፖርቱንም መስክ ሳልወጣ ልኮታል።

አሠራሬ ቀላል ነበር። ክረምቱ ደመና ስለሆነ የጥቅምትን የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ወስጄ የሐይቁን ወሰን አሰመርኩ። ከዚያ የጥርን አመጣሁ። ከወሰኑ ውስጥ ኤንዲቪአይው፣ ማለትም የዕፅዋት አረንጓዴነት መለኪያው፣ ከፍ ያለውን ሁሉ እምቦጭ አልኩት። ሐይቅ ላይ ሌላ አረንጓዴ ምን ይሠራል?

ቀዩ መሃል ስደርስ ጫማዬ እንኳን አልረጠበም። አንድ አባት ከብት ይመልሳሉ።

«አባቴ፣ እምቦጩ የት ሄደ?»

«የቱ?»

ታብሌቱን አሳየኋቸው። የቆምንባትን ሰማያዊ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ቀዩን። ቆይተው ገባቸው።

«ይሄ የኔ ማሳ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ሰማይ ድረስ ወጥታችሁ ሽምብራዬን እምቦጭ ትሉታላችሁ?»

አንድ እግር ነቅለው ሰጡኝ። «ካላወቅኸው ቅመሰው።»

እሸት ነበር። ቅጠሉ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ጣቴን ስልሰው ይኮመጥጣል። በጥቅምት ውሃው እዚህ ነበር አሉና ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «ሲሸሽ እየተከተልን እንዘራለን።» ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ እስከ ግንቦት፣ ሰኔ እንደሚጎድል እኔም አላጣሁትም። ለሠልጣኞች ያስተማርኩበት ስላይድ ሁሉ አለኝ።

እምቦጩማ አለ። በዱላቸው ጠቆሙኝ። ከማሳው ወዲያ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ወይን ጠጅ አበባውን ይዞ ተንጣሏል። የአንዱ ፒክስል ጎን 10 ሜትር በሆነበት ካርታዬ ላይ እሱ ቀጭን ክር ነው። ሌላው ቀይ ሽምብራ ነው።

ማሳዎቹን በጂፒኤስ ዞሬ ለየሁና ካርታውን አርሜ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ቀና እንኳን አላለም።

«የተላከ ሪፖርት አይመለስም። ለከርሞ ታስተካክለዋለህ።»

ለከርሞ አስተካከልኩት። ቀዩ በጣም ሳሳ። እሱም ስብሰባ ላይ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አድርጎ «በተደረገው ርብርብ እምቦጩን መቀነስ ችለናል» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ለሻይ ሰዓት የቀረበው ቆሎ ሽምብራ ነበረበት። እየለቀምኩ በላሁ።