«ኤኻድ» (አንድ) ላይ ቆም ማለት፦ የ11 ወር የትምህርት ማስታወሻ

ሰላም ለሁላችሁ። «እምነትን በትምህርት ማጠንከር ይቻላል ወይ? አንተ እንዴት ጀመርከው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ከደብተሬ እየገለበጥኩ ልጻፍላችሁ። ረቢ አይደለሁም። ቄስም አይደለሁም። ቀን ሥራ ውዬ ማታ የምማር ሰው ነኝ። የተሳሳትኩትን የሚያርመኝ ካለ ደስ ይለኛል።

ነገሩን የጀመረችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት። ለትምህርት ቤት ከኦሪት ዘጸአት ጮክ ብላ እያነበበች ሳለ ቀና አለችና «አባ፣ እግዚአብሔር እጅ አለው?» አለችኝ። «የለውም» አልኳት። «ታዲያ ለምን እጅ ይላል?» ዝም አልኩ። ሰንበት በሚከበርበት፣ በግዕዝ በሚጸለይበት የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤት ያደግኩ ሰው፣ አምናለሁ የምል ሰው፣ የማምነው ማንን እንደሆነ ለአንድ ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አቃተኝ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አባከንኳቸው። ስልኬ ላይ «ፈጣሪ ለመኖሩ ማረጋገጫ» የሚል ቪዲዮ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እከፍታለሁ። ደብተሬ ሞላ። ልቤ ግን ባለበት ነው። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ዛሬ ያሳመነኝን ነገር ነገ ሌላው ሲያፈርሰው እያየሁ እምነቴ እንደ ገበያ ዋጋ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር።

ከዚያ ምኩራብ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ «ሀቭሩታ እንሁን» አሉኝ። ለማታውቁት፣ ሀቭሩታ ሁለት ሰው አንድ ጽሑፍ መሀል ላይ አድርጎ እየተከራከረ የሚማርበት የቆየ የአይሁድ የትምህርት መንገድ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣ ለአንድ ሰዓት። የመጀመሪያ ቀን ያሉኝን ጽፌዋለሁ፦ «አለ ወይስ የለም የሚለውን ለጊዜው ተወው። እሱ ስንል ምን ማለታችን ነው? ከዚያ እንጀምር።»

የጀመርነው በራምባም 13 የእምነት መሠረቶች ነው። ራምባም፣ ማለትም ሙሴ ማይሞኒደስ፣ በስፔን ኮርዶባ ተወልዶ በግብፅ ፉስጣጥ የኖረ፣ በ1204 እ.ኤ.አ. ያረፈ ሊቅና ሐኪም ነው። 13ቱን የጻፋቸው በሚሽና (የጥንት የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ) ማብራሪያው ውስጥ ነው፤ ዛሬ በሲዱር፣ በጸሎት መጽሐፉ፣ «አኒ ማአሚን» (አምናለሁ) እየተባለ የሚነበበው ከዚያ ያጠረ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ስለ ፈጣሪ ናቸው። አለ፣ ሌላው ሁሉ የሚኖረውም በእሱ ነው። አንድ ነው። አካል የለውም። ከሁሉ በፊት ነበረ። አምልኮ የሚገባው ለእሱ ብቻ ነው። አምስቱን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ግን አራት ወር ቆየን።

«አንድ» የሚለው ቀላል መስሎኝ ነበር። ራምባም ግን የእሱ አንድነት እኛ እንደምናውቀው አንድ አይደለም ይላል። አንድ መንጋ ብዙ በግ ነው። አንድ እንጀራ ይቆረሳል። አንድ ሰው ራስም እግርም አለው። የፈጣሪ አንድነት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይመስልም፤ አይከፈልም፣ ከክፍሎች አልተሠራም፣ «ሁለት» ተብሎ የሚቀጥል ቁጥርም የለውም። ይህን ሳነብ ግዕዙ ትዝ አለኝ። እኛ ቤት «አሐዱ» ነው የሚባለው። በዕብራይስጥ «ኤኻድ»። አንድ ሥር ናቸው። «ሼማ»፣ ማለትም «ስማ እስራኤል፣ እግዚአብሔር አምላካችን እግዚአብሔር አንድ ነው» የሚለው ጸሎት የሚጀምርበት ቃል፣ እና የእኛ «ስማ» እንደዚያው። አያቴ ያን ቃል ስትጠራ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቅኳት ጊዜ የለም።

ሦስተኛው የልጄ ጥያቄ ነው። ኦሪት «በጸናች እጅ፣ በተዘረጋችም ክንድ» ይላል። ያው ኦሪት ግን በዘዳግም ምዕራፍ 4 በኮሬብ ድምፅ እንጂ መልክ እንዳላያችሁ ልብ በሉ እያለ ያስጠነቅቃል። ጠቢባኑ «ኦሪት በሰው ልጆች ቋንቋ ተናገረች» ብለዋል፤ ራምባምም የሚይዘው እሱን ነው። ለልጄ ያስረዳኋት እንዲህ ነው፦ «በዚህ ነገር የእከሌ እጅ አለበት ስንል ጣቱን ቆጥረን ነው?» ሳቀችና «አይደለም፣ እሱ አደረገው ማለት ነው» አለች። ለእሷ አምስት ደቂቃ በቃት።

ሽማግሌው ግን በዚህ አላለፉም። ራምባም ፈጣሪ አካል አለው የሚለውን ሰው ከመናፍቃን ሲቆጥረው፣ የፈረንሳዩ ረቢ አብርሃም ቤን ዳዊት (ራአቫድ) ከእሱ የሚበልጡና የሚሻሉ ሰዎች ጥቅሶቹን እንደወረዱ አንብበው እንዲያ አስበዋልና ለምን መናፍቅ ትላቸዋለህ ብሎ እንደተቃወመው አሳዩኝ። ተቃውሞው ከራምባም ጽሑፍ ጎን ታትሞ ይገኛል። ይህ በጣም ነካኝ። ሐሳቡን ሳይቀበል ሰዎቹን ይከላከላል። እኔም ብዙ ዓመት አንድ ዓይነት ትልቅ ሽማግሌ በሰማይ ተቀምጦ ይታየኝ ነበርና ማፈሬን ተውኩ።

ደብተሬ ላይ ሦስቴ ያሰመርኩበት ታሪክ ደግሞ ይኸው። ታልሙድ (ጠቢባኑ ሚሽናን የተከራከሩበት ትልቅ ሥራ) ውስጥ፣ በራኾት በሚባለው ክፍል ገጽ 33 ላይ ነው። አንድ ሰው ረቢ ሐኒና ፊት ቆሞ ጸሎት ይመራል። «ታላቅ፣ ኃያል፣ የሚያስፈራ» አለና አላቆመም፤ «ክቡር፣ ብርቱ፣ የተፈራ፣ ጽኑ...» እያለ ቀጠለ። ረቢ ሐኒና እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ «የጌታህን ምስጋና ሁሉ ጨረስከው?» አለው። ሦስቱን ራሱ ሙሴ በኦሪት ባይላቸው፣ የታላቁ ጉባኤ ሰዎችም (የጥንት ሊቃውንት) በጸሎት ባያስገቧቸው ኖሮ እነሱንም ባልደፈርን ነበር። ነገሩ እልፍ አእላፍ የወርቅ ዲናር ያለውን ንጉሥ፣ ወርቁን ትቶ፣ ብር የሚባለው ማዕድን ስላለው እንደማመስገን ነው፤ ስድብ ይሆንበታል። ራምባም ከዚህ ተነሥቶ ሩቅ ይሄዳል። ስለ ፈጣሪ በትክክል ልንል የምንችለው ምን እንዳልሆነ ብቻ ነው ይላል፤ ደካማ አይደለም፣ አላዋቂ አይደለም፣ ብዙ አይደለም። የዳዊትንም መዝሙር ይጠቅሳል፤ በዕብራይስጡ «ለአንተ ዝምታ ምስጋና ነው» የሚለውን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በስድስተኛው ወር ደረቅኩ። ጸሎት ላይ እቆማለሁ፣ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ውስጤ ግን ማንን ነው የማናግረው ይላል። መልክ የለውም፣ እሺ። ቃል አይገልጸውም፣ እሺ። ታዲያ ምን ቀረኝ? ሁለት ማክሰኞ ቀረሁ። ሽማግሌው ደወሉና «ና፣ ዛሬ ሌላ ሰው እናነባለን» አሉኝ።

ሌላው ሰው ይሁዳ ሃሌቪ ነበር። ከራምባም ትንሽ ቀደም ያለ፣ እሱም የስፔን ሰው፣ ገጣሚ። «ኩዛሪ» በሚባለው ሥራው የካዛሮች ንጉሥ አይሁዳዊውን ስለ እምነቱ ሲጠይቀው፣ መልሱ «ዓለምን በፈጠረው» ብሎ አይጀምርም። «በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አምላክ፣ ከግብፅ ባወጣን» ነው የሚለው። ንጉሡ ለምን ፈጣሪ ነው አላልክም ሲለው፣ አሥርቱ ትእዛዛትም ሲጀምሩ «ከግብፅ ምድር ያወጣሁህ» እንጂ «ዓለምን የፈጠርኩ» እንደማይሉ ያሳየዋል። ያዩትን፣ የደረሰባቸውን፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደውን ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። በ1984 እ.ኤ.አ. ከወገራ ተነሥተን በእግር ወደ ሱዳን ስንሄድ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሌሊት እንሄዳለን፣ ቀን እንደበቃለን። ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ታናሽ ወንድሜን ቀበርነው። ገና መሄድ አልጀመረም ነበር። ከዚያ በአውሮፕላን ወጣን። «ያወጣሁህ» የሚለውን ቃል ለእኔ ማንም አያብራራልኝም። ግን ወንድሜ አልወጣም። ይህን ለሽማግሌው አልኳቸው፤ አርባ ዓመት ለማንም ያላልኩትን ነው። ብዙ ዝም አሉ። መልስ አልሰጡኝም፣ ባለመስጠታቸውም አከበርኳቸው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ያመጡልኝ የራምባምን ደብዳቤ ነው። ታናሽ ወንድሙ ዳዊት ነጋዴ ነበር፤ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመ። ራምባም ወሬው ከደረሰው በኋላ አንድ ዓመት ያህል ታሞ አልጋ ላይ እንደወደቀ፣ ዓመታት አልፈውም የወንድሙን ጽሑፍ ባየ ቁጥር ልቡ እንደሚገለበጥ ይጽፋል። ፈጣሪ አካል የለውም፣ ቃል አይገልጸውም ያለው ያው ሰው። እስከዚያ ቀን ራምባም ለእኔ የማይሰበር አእምሮ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሲጽፍ እያለቀሰም ያመነ ሰው እንደሆነ እያሰብኩ ነው የማነበው።

እናቴን ደግሞ አስተውላት ጀመር። ያን ልጅ በእጇ የቀበረች እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ሳታፈላ በፊት መስኮቱ አጠገብ ቆማ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ትላለች። አንድም ቀን ስትዘል አላየሁም። ቤተ እስራኤል ታልሙድ አልነበራቸውም፣ የራምባም 13ቱ አገራችን አልደረሰም። «እማ፣ በዚያ ሁሉ መሀል እንዴት አመንሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «አቁሜ መች አወቅኩ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

በዚያው ሳምንት «ኤሙና» የሚለውን ቃል አጠናን። በዕብራይስጥ እምነት ማለት ነው፤ አሜንም፣ የእኛም «አመነ» ከዚያው ሥር ናቸው። ቃሉ ዘጸአት 17 ላይ ግን ስለ ልብ አይደለም የሚያወራው። ከአማሌቅ ጋር ውጊያ ነው፤ ሙሴ እጁን አንሥቷል፣ ደከመው። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ሆነው እጆቹን ደገፉ። ጥቅሱ እጆቹ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ «ኤሙና» ነበሩ ይላል። ጸኑ ማለት ነው። እነዚያ እጆች ለብቻቸው አልጸኑም፤ ሰው ደግፏቸው ነው።

ታልሙድ ደግሞ ሻባት በሚባለው ክፍሉ ገጽ 31 ላይ «ኤሙና» የሚለውን የኢሳይያስን ቃል ከሚሽና ክፍሎች ውስጥ «ዝራይም»፣ ማለትም ስለ ዘርና እርሻ ከሚናገረው ጋር ያገናኘዋል። የቆዩት ማብራሪያዎች ምክንያቱን ሲናገሩ፣ ገበሬ «የዓለማት ሕያው» በሚባለው በፈጣሪ ታምኖ ይዘራል ይላሉ። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ከመሬት አዋጁ በፊት በሰው መሬት ላይ የእኩል ያርስ ነበር። ግንቦት ላይ ጎታው ተሟጦ እኛ እየራበን እንኳ ለዘር ያስቀመጣትን ገብስ አይነካም። ጆንያዋን ጣራው ሥር ከማገሩ ጋር አስሮ ነበር የሚያስቀምጣት። ሰኔ ሲገባ አውርዶ ጭቃ ውስጥ ይበትናታል። ልጅ ሆኜ አባክኖ የሚጥላት ይመስለኝ ነበር።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ለጀማሪ ይጠቅም ይሆናል። ጠዋት እንደነቃሁ፣ ስልክ ሳልነካ፣ «ሞዴ አኒ» እላለሁ። እጅ ሳይታጠቡ የሚባል ስለሆነ የፈጣሪ ስም የለበትም። ነፍሴን መለስክልኝ ይልና የሚያበቃው «ታማኝነትህ ታላቅ ነው» ብሎ ነው። እዚያም ያለው ቃል «ኤሙና» ነው፤ ስለ እኔ እምነት ሳይሆን ስለ እሱ ታማኝነት የሚናገር። ይህን ያወቅኩት በስምንተኛው ወር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጠዋቱ ጸሎት ቀለለኝ።

ሼማ ላይ ደግሞ መቸኮሌን ተውኩ። በኦሪቱ ጥቅልል ላይ ከጥቅሱ ውስጥ ሁለት ፊደላት፣ ዓይንና ዳሌት፣ ተልቀው ይጻፋሉ፤ ሲገጣጠሙ «ዔድ»፣ ምስክር ይሆናሉ። ዓይኔን በቀኝ እጄ እሸፍናለሁ። «ኤኻድ» ስል የመጨረሻዋ ዳሌት ላይ ቆም እላለሁ፣ ዳሌት በቁጥር አራት ናትና አራቱን ማዕዘን እያሰብኩ። በፊት ሦስት ሰከንድ የማይሞላው አሁን ረዘም ይላል። አንዳንድ ቀን ምንም አይሰማኝም። ቢሆንም እላታለሁ።

ያልሠራልኝ ነገር? ብቻ መማር። በአንድ ቀን ብዙ ገጽ ማንበብ። ለራምባም ከባድ የፍልስፍና ሥራ ሳልዘጋጅ መቸኮል፤ አስቀምጬዋለሁ፣ ገና ነኝ። ሌላው ሰው ምን ያህል ያምናል ብሎ መመዘንም ጎድቶኛል።

የወንድሜ ጥያቄ አልተመለሰም። ደብተሬ ላይ አንድ ገጽ ባዶ ትቼለታለሁ፤ ሽማግሌውም ያውቃሉ። የፊታችን ማክሰኞ ስድስተኛውን መሠረት፣ ስለ ነቢያት የሚናገረውን እንጀምራለን። ልጄም ከእኔ ጋር ካልመጣሁ ብላለች፤ «ሙሴን እጁ እንዳይወድቅ የያዙት ሰዎች ደክሟቸው አያውቅም?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ጽፋ አዘጋጅታለች።