ቃለ ጉባኤ ይያዝ

ወላይታ ውስጥ በአንድ የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ስሠራ አዲስ አስተዳዳሪ ተሾመልን። እጁ ንጹሕ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ መዋልም አይወድም። አንድ ቀን መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ሰብስቦ ጦም ያደረ የመንግሥት መሬት አሳያቸው። «በሉ፣ ከሰኞ ጀምራችሁ እረሱ» አላቸው። ጭብጨባው ቀለጠ። እኛም ደስ አለን።

የቢሯችን አንጋፋ ባለሙያ ብቻ አላጨበጨቡም። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠጋ ብለው «ክቡር አስተዳዳሪ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። መሬቱም ይለካና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይውጣላቸው» አሉት።

ቅር አለው። «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች እስከ መቼ ይጠብቁ?»

ጋሼ የገርማሜ ንዋይን ነገር ያነሱት ያኔ ነው። ገርማሜ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ የመጣ ሰው ነው። የወላይታ ገዥ ሆኖ ሲሾም ጉቦውንም የጭሰኛውን ኑሮም አየ። ያልታረሰ መሬት ለሌላቸው ማከፋፈል ጀመረ። ባለርስቶቹ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ ከሰሱት። ተጠርቶ ተጠየቀ፤ ቀጥሎ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ሕይወቱም በዚያው አለፈ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መፈንቅለ መንግሥቱ ነው። እኔን ግን የበለጠ የሚቆጨኝ ወላይታ ላይ የጀመረው ሥራ ነው። ያን የመሰለ ገዥ ከሥራው ለመነጠል አንድ ዝውውር በቃ።

«እርስዎም ነገ ይዛወራሉ» አሉት ጋሼ። «ለልጆቹ የሚቀርላቸው ወረቀቱ ነው።»

አስተዳዳሪው አልተከራከረም። በማግስቱ ሜትር ይዘን ወረድን። አዋሳኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ ድንበራቸውን አሳዩ። ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ተተከለ። መፈረም የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። አንዲት ልጅ ስሟ በትክክል መጻፉን ሦስቴ አስነበበችን። ባለትዳሮቹ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ሰፈረላቸው። ሥራው ሳምንታት ወሰደ፤ አስተዳዳሪውም ሲመሽ እየመጣ እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ይፈርም ነበር። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ያደገው ያኔ ነው። ቸኩሎ ነበር፤ ሲነገረው ግን ሰማ።

ዓመት ሳይሞላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። በቦታው የመጣው ሹም ያንኑ መሬት ለአንድ ባለሀብት ሊሰጥ ፈልጎ ፋይሉን አስጠራ። ጋሼ ራሳቸው ይዘውለት ገቡ። ቃለ ጉባኤውን፣ የልኬት ካርታውን፣ የአዋሳኞቹን ፊርማና የደብተሮቹን ቅጂ አንድ በአንድ አገላበጠ። «ይህማ ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ፋይሉን መለሰ፤ ለባለሀብቱም ሌላ ቦታ እንድንፈልግ አዘዘን።