ከዌስተርቪል እስከ ዲትሮይት ወንዝ

መጠጥ ባፌ ዞሮ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው ለመመጻደቅ አይደለም፤ አሜሪካ መጠጥን በሕገ መንግሥት ስለከለከለችበት ዘመን፣ ማለትም ከ1920 እስከ 1933 ስለነበሩት ዓመታት (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ የነበረኝ ግምት ከዚሁ የመነጨ ስለነበር ነው። ሕጉ የከሸፈው ሕዝቡ ከጠርሙስ መላቀቅ ስላቃተው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አብሮ አደጌ ዲትሮይት የምትኖር እኅቱን ሊጠይቅ ሲነሳ ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ አብሬው እንድሄድ ቢለምነኝ፣ «በዌስተርቪል በኩል ካለፍን እሺ» አልኩት። እሱ ቢራ ይወዳል፤ የዌስተርቪልን ታሪክ ስነግረው ፊቱን አጨፈገገ።

ዌስተርቪል ከኦሃዮዋ ኮለምበስ በስተ ሰሜን ያለች ጽድት ያለች ከተማ ናት። በ1875 አንድ ሰው መጠጥ ቤት ቢከፍትባት በባሩድ አፈነዱበት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ሲሞክርም ሁለተኛውን ቤት እንደዚያው አደረጉበት። የክልከላውን ሕግ በመላ አገሪቱ የገፋው የፀረ መጠጥ ቤት ሊግ በ1909 ማተሚያ ቤቱን የተከለው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ የዚያን ዘመን ወረቀቶች ዛሬ የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠብቃቸዋል። ሊጉ ካሳተማቸው ፖስተሮች አንዱ በሕፃናት አንደበት የተጻፈ ነው፤ አባባ እዚያ ውስጥ ነው፣ ጫማችንም ካልሲያችንም ምግባችንም እዚያው ገብቷል፣ ተመልሶም አይወጣም ይላል። እሱን ሳነብ ያደግሁበት ሰፈር ትዝ አለኝ። የወር ደመወዙን አረቄ ቤት አራግፎ በየማታው በሩን እየደበደበ የሚገባ ጎረቤት ነበረን፤ ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚያድሩት እኛ ቤት ነበር። ስለዚህ የዌስተርቪል ሰዎች የተነሡበት ቁጣ አይገባኝም ልል አልችልም። በዚያን ጊዜ ከነበሩት 48 ክፍላተ ግዛት 46ቱ ክልከላውን ያመጣውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያጸደቁትም ይህ ቁጣ የብዙ ቤት ቁጣ ስለነበር ነው።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ዝርዝር ሕጉ ሲወጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ የከለከለው «አስካሪ መጠጥ» ሲሆን፣ ማሻሻያውን ከደገፉት ብዙዎቹ ይህ ውስኪንና መሰሎቹን እንጂ ቢራን የሚነካ አልመሰላቸውም ነበር። በጥቅምት 1919 ፕሬዚዳንት ዊልሰን አልፈርምም ብለው ቢመልሱትም ኮንግረስ ያጸደቀው የቮልስቴድ ሕግ ግን የአልኮል መጠኑ ከመቶ ግማሽ እጅ የሆነውንና ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ አስካሪ አለው። በዚህ ስሌት የእናቴ ጠላ ይቅርና ቅራሪዋም ሳታሳስራት አትቀርም። በአንጻሩ ሕጉ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን እንጂ መጠጣትን አልከለከለም፤ ከመጽናቱ በፊት ገዝቶ ቤቱ ያከማቸ ሰው በሰላም ይጠጣ ነበር። በጓዳው ያን ያህል የሚያከማች ደግሞ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ዊልሰን ራሳቸው ሥልጣን ሲለቁ ያከማቹትን መጠጥ ዋሽንግተን ውስጥ ወደሚገኘው አዲሱ ቤታቸው አዛውረዋል። ገበሬው ከፖም የሚጠምቀው ሳይደርም በቤት ውስጥ የፍራፍሬ ጭማቂ ስም ክፍተት ተገኘለት፤ የከተማው ወዛደር ግን ቢራውን አጣ። ጡብ በሚመስል ቅርጽ የደረቀ የወይን ጭማቂም ገበያ ላይ ዋለ፤ በውኃ በጥብጠው ሃያ ቀን እንዳያስቀምጡት፣ ካስቀመጡት ወይን ጠጅ እንደሚሆን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረበት። አብሮ አደጌ በሳቅ ፈረሰና፣ «ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ የአጠማመቅ መመሪያ ነው» አለ።

ዲትሮይት የገባነው ሊመሽ ሲል ነበር። ከመሃል ከተማው ካናዳ የምትታየው ወደ ደቡብ ሲዞሩ መሆኑን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ወንዙ እዚያ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ማዶ የዊንድሰር መብራት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ውስኪ ጠምቆ ወደ ውጭ መላክን ስላልከለከለች፣ ከዊንድሰር የሚነሱ ትናንሽ ጀልባዎች ለጉምሩክ «ወደ ኩባ» ብለው አስመዝግበው ይወጣሉ፤ ኩባ ደርሳለች የተባለችው ጀልባ በዚያው ዕለት ተመልሳ ደግሞ ትጫናለች። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲጋገር በበረዶው ላይ መኪና ይነዱ ነበር፤ በረዶው እየከዳቸው ከነጭነታቸው የሰመጡም አሉ። በአጥሩ ብረት ላይ ተደግፌ ይህን ሁሉ ሳሰላስል፣ ይህን ወንዝ ለመጠበቅ ስንት ሺሕ ዘብ ያስፈልግ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የነበሩት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነሱም ውስጥ ገንዘብ እየተቀበለ ፊቱን የሚያዞር አልጠፋም። ከተማዋ ፐርፕል ጋንግ በተባለው የወሮበላ ቡድን እጅ ወደቀች፤ በቺካጎ ደግሞ በየካቲት 14 ቀን 1929 ሰባት ሰዎች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ተረሸኑ።

ሆኖም ሕዝቡን ከሕጉ ያራቀው የወሮበላ ተኩስ ብቻ አይመስለኝም። ከዲትሮይት ብዙም በማትርቀው በላንሲንግ ከተማ፣ በ1928 መጨረሻ የአሥር ልጆች እናት የሆነች ሴት ጥቂት ጂን ይዛ ተገኘችና፣ ጥፋቷ አራተኛ ስለሆነ በክፍለ ግዛቷ የደጋጋሚ ወንጀለኞች ሕግ መሠረት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ኋላ ብትፈታም ወሬው አገሩን ሁሉ አዳርሶ ነበር። በዚያው ዘመን፣ እኔ ለሥራ ስመላለስ በየቀኑ በማልፍበት፣ የአገሪቱ ምክር ቤት ባለበት በካፒቶል ኮረብታ፣ ጆርጅ ካሲዴይ የሚባል ሰው ለምክር ቤት አባላት ከቢሯቸው ድረስ መጠጥ ያደርስ ነበር። በ1930 ምርጫ ዋዜማ ታሪኩን በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ በተከታታይ አወጣው፤ ለክልከላው እጃቸውን ከሚያወጡት መካከል ደንበኞቹ እንደነበሩ አንባቢው ሁሉ ዐወቀ። በላንሲንጓ እናትና በካሲዴይ ደንበኞች መካከል የነበረው ልዩነት ጠርሙሱ አልነበረም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመርዙ ነገር ነው። ለፋብሪካ አገልግሎት የሚውል አልኮል እንዳይጠጣ መንግሥት ሜታኖልና ሌላም መርዝ እንዲጨመርበት ያዝዝ ነበር፤ ኮንትሮባንዲስቶቹ እየሰረቁ፣ እንደነገሩ እያጣሩ ይሸጡታል። በ1926 የገና ሰሞን የኒውዮርክ ሆስፒታሎች በዚህ በታመሙና በሞቱ ሰዎች ተጨናነቁ። የከተማዋ የአስከሬን ምርመራ ኃላፊ ዶክተር ቻርልስ ኖሪስ፣ መንግሥት መርዙ መጠጣትን እንደማያስቆም እያወቀ መጨመሩን አጥብቀው ነቀፉ፤ የሚሞተውም ጥሩ መጠጥ ለመግዛት ዐቅም ያጣው ድኻ መሆኑን ገለጹ። የሊጉ ዋና ሰው ዌይን ዊለር በበኩሉ፣ የሚጠጣው ሰው ራሱን በፈቃዱ እንዳጠፋ ይቆጠራል አለ። የሕፃናቱን ጫማና ካልሲ ያስታወሰ ማኅበር እዚህ መድረሱን ሳስብ፣ ከዌስተርቪል ይዤው የመጣሁት አክብሮት ከእጄ አመለጠኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረው በፍጥነት ሄደ። ክልከላውን ካመጡት መካከል ሴቶች ግንባር ቀደም ነበሩ፤ በ1929 ፖሊን ሴቢን የተባሉት ባለጠጋ ሴት የመሠረቱት ሕጉ እንዲሻር የሚጠይቅ የሴቶች ማኅበር ግን በጥቂት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሉት አስታወቀ። ለሊጉ ገንዘብ ይሰጡ የነበሩት፣ እንደኔው መጠጥ የማይቀምሱት ትንሹ ጆን ዲ. ሮክፌለር በሰኔ 1932 ሕጉ ይነሣ ብለው ጻፉ። የኢኮኖሚው ውድቀት ሥራ ፈት አድርጎት በየመንገዱ ለተሰለፈው ሕዝብም፣ ቢራ ፋብሪካ ሥራና ግብር ማለት ሆነ። ክልከላው በመላ አገሪቱ ከመጽናቱ በፊት በ1918 የጀመረችው የዲትሮይት ክፍለ ግዛት ሚሺገን፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1933 መሻሩን ለማጽደቅ ከሁሉ ቀደመች። ታኅሣሥ 5 ቀን ዩታ 36ኛ ሆና ስታጸድቅ የሚያስፈልገው ቁጥር ሞልቶ ነገሩ አበቃ።

ዌስተርቪል ግን አልተቸኮለችም። ስንመለስ በዚያው በኩል አልፈን ዋናው ጎዳና ላይ ፒዛ ልንበላ ተቀመጥን። በዚህች ከተማ በሕግ ቢራ መሸጥ የተጀመረው በ2006 መሆኑን ነገርኩት። አብሮ አደጌ የምግብ ዝርዝሩን ገልጦ ከነበሩት ቢራዎች ሁሉ ረከስ ያለውን አዘዘና፣ አስተናጋጇ ለእኔ ምን እንደምታመጣ ስትጠይቅ፣ «ለእሱ ኮካ፤ እሱ ከሊጉ ነው» አላት። ልጅቷ የየትኛው ቡድን ሊግ እንደሆነ ጠየቀችን።