«አቢዩስ» የሚለውን ቃል እንዴት አስተማርኩት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአስረኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቃላት ስናስተምር የለመድነው ይታወቃል፤ እንግሊዝኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ። ለብዙ ቃላት ይሠራል። «አቢዩስ» (abuse) ላይ ሲደርስ ግን ይከሽፋል። ደብተሩ ላይ «በደል» ብሎ የያዘ አንድ ተማሪ «ድራግ አቢዩስ»ን «መድኃኒትን መበደል» ብሎ ተረጎመው። ልጁ ጎበዝ ነው። የተሰጠውን አማርኛ በታማኝነት ተጠቀመበት።

ስለዚህ ቃሉን ብቻውን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ተውኩ። «ቻይልድ አቢዩስ»፣ «ድራግ አቢዩስ»፣ «አቢዩስ ኦፍ ፓወር»፣ «ቨርባል አቢዩስ» ብዬ ደረደርኩና ጠየቅኳቸው፦ እዚህ የተጎዳው ማን ነው? አላግባብ የተሠራበትስ ምንድን ነው? ቀሪውን ራሳቸው አወጡት። ሕፃን ላይ ሲሆን ጥቃት፣ ማጎሳቆል ነው። ዕፅ ወይም መድኃኒት ሲሆን አላግባብ መጠቀም ነው። ሥልጣን ሲሆን ሕጋችን እንደሚለው «በሥልጣን አላግባብ መገልገል» ነው። በአፍ ሲሆን ስድብ ነው፤ ያውም ውርጅብኝ። «ኢንሰልት» (ስድብ) አንዲት ቃል ልትሆን ትችላለች፣ «ቨርባል አቢዩስ» ግን ሰውን በስድብ ማጠብ ነው።

ሥሩን የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው። ከላቲን የመጣ ነው፤ «ዩቲ» መጠቀም፣ «አብ» ደግሞ መራቅን ያሳያል። ከአግባቡ ርቆ መጠቀም እንደማለት። መጀመሪያ ብነግራቸው ኖሮ ሸምድደውት ያልፉ ነበር።

ሞቅ ያለው ክርክር የመጣው ከጋሪ ፈረስ ነው። አንዷ ተማሪ «ከአቅሙ በላይ የተጫነ ፈረስስ?» አለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሚስዩዝ ነው» አለ፣ ግማሹ «አቢዩስ» አለ። ሳያውቁ ወይም ለማይሆን ሥራ መጠቀም «ሚስዩዝ» ይባላል። «አቢዩስ» ከበድ ይላል፤ ጉዳት አለበት፣ ብዙ ጊዜም ጭካኔ ወይም መደጋገም። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ፈረሱ ያመዋል፣ እየተገረፈም ይሄዳል፤ ስለዚህ አቢዩስ ነው» ብሎ ቋጨው። እኔ ከዚያ የተሻለ አላብራራሁትም። የአረቄም ነገር ተነሣ። መጠጣት ሁሉ «አልኮል አቢዩስ» እንዳልሆነ፣ ጤናንና ኑሮን ሲያበላሽ ግን እንደሚባል ተነጋገርን።

አነባበቡ ቀላል ነው። ስም ሲሆን መጨረሻው «ስ»፣ ግስ ሲሆን «ዝ»፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ጉሮሯቸውን በእጃቸው አስነካኋቸው፤ «ዝ» ሲሉ ይንቀጠቀጣል። አማርኛችን ሁለቱም ድምፅ ስላለው ወዲያው ያዙት።

አጥብቄ የነገርኳቸው ሌላ ነገር አለ። «መምህሩ አቢዩዝ አደረገኝ» ብለው በእንግሊዝኛ ቢጽፉ፣ አንባቢው ተቆጣኝ ማለታቸው ነው ብሎ አያስብም። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ነው የሚመጣለት። ቁጣ ከሆነ ቁጣ ይበሉ። ጥቃት ከሆነ ደግሞ ቃሉን አይፍሩት።

ይህን ቃል ክፍል ውስጥ የምታነሡ መምህራን፣ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ከተማሪዎቹ መካከል ቃሉን በሕይወቱ የሚያውቀው ይኖራል። እኔ ማንም የራሱን ታሪክ እንዲጽፍ አላዘዝኩም፤ ምሳሌው ሁሉ ስለ ሦስተኛ ሰው ነበር። ከትምህርቱ በፊት የልጃገረዶች ክበቡን ከምትመራው መምህርት ጋር ተነጋገርኩ፤ ልጅ ቢመጣ ወደ ማን እንደምንወስደው አውቀን ገባን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው መደንገጉንም አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ አንዱ ቁጥሩን እንድደግምለት ጠየቀ። ደገምኩለት፣ ብዙዎቹም ጻፉት።

አሁን ፈተና ላይ «የአቢዩስ ትርጉም ምንድን ነው» ብዬ አልጠይቅም። ዓረፍተ ነገር እሰጥና ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ በአማርኛ እንዲጽፉልኝ አደርጋለሁ።